ዝባድ፣ ጥሪኝና «ሲቪት»፦ የአንድ የእንስሳ ስም ጉዞ

በሻፊዒይ መዝሀብ የሚቀራ ደረሳ «ፈትሑል ሙዒን» ላይ ሲደርስ፣ ስለ ነጃሳ በሚናገረው ክፍል ውስጥ ስለ ዝባድ የተነገረች አንዲት አጭር ሐሳብ ታጋጥመዋለች። ዝባድ ጧሂር መሆኑን፣ በውስጡም ሦስት ያህል ጥቂት ፀጉር ቢገኝ ይቅር የሚባል መሆኑን ትገልጻለች። የኪታቡ ባለቤት ዘይኑዲን አል-መሊባሪ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሕንድ የመሊባር ጠረፍ የኖሩ ዓሊም ናቸው። በዚያችው ቦታ ላይ የመምህራቸውን የኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚን ማብራሪያ ያስከትላሉ፦ የሚቆጠረው ፀጉር ለአገልግሎት በተወሰደው ቁራጭ ውስጥ ያለው ነው ወይስ በዕቃው ውስጥ ያለው በሙሉ? ዝባዱ የረጋ ከሆነ የተወሰደው ብቻ ይታያል፤ ፈሳሽ ከሆነ ግን ሁሉም እንደ አንድ ነገር ይቆጠራል።

ደረሳ ሳለሁ፣ ከአጣዬ ወደ ቆላው ሲወረድ ባለች አንዲት የቂርአት ቦታ ይህችን ስንቀራ፣ ከመካከላችን አንዱ «ፀጉሩ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሸይኻችን «የጥሪኝ ነዋ!» አሉና ወደሚቀጥለው መስአላ አለፉ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ኪታቡ ጥሪኝን አላነሣም፤ ያነሣው ዝባድን ብቻ ነው። ሸይኹ ከራሳቸው ቋንቋ የጨመሩት ስም ባይኖር ኖሮ፣ ፀጉሩ ከየት እንደ መጣ ሳናውቅ የፀጉሩን ሑክም ብቻ ይዘን እንሄድ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ፣ «ሲቪት» የሚለውን የእንስሳ ስም አየሁና ምንጩን አነበብኩ። እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛው «ሲቬት»፣ ፈረንሳይኛው ከጣልያንኛው «ዚቤቶ»፣ ጣልያንኛው ደግሞ ከዐረብኛው «ዘባድ» መጥቷል ይላል። የደረሳነቴ ቃል ልብስ ለውጦ ተቀምጦ አገኘሁት። ያኔ ሸይኻችን በአንድ ቃል ያለፉት ልዩነት፣ ማለት በዕቃው ስምና በእንስሳው ስም መካከል ያለው፣ የዚህ ቃል ታሪክ ሁሉ የሚሽከረከርበት እንዝርት መሆኑን ያየሁት ቀስ በቀስ ነው።

በቃሉ አካል እንጀምር። በዐረብኛ ዛይ፣ ባእ እና ዳል የሚባሉት ሦስት ፊደላት የአረፋና የቅቤ ሥር ናቸው። «ዘበድ» በውኃ ላይ የሚሰፍ አረፋ ነው፤ «ዙብድ» ከወተት የሚናጥ ቅቤ ነው። በሱረቱ ረዕድ 17ኛው አንቀጽ ላይ ጎርፍ ተሸክሞት መጥቶ በከንቱ ስለሚጠፋው አረፋ የተነገረው ምሳሌ የዚሁ ሥር ቃል ነው። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች «ዘባድ»ን በዚሁ ሥር ሥር አስቀምጠውታል። ትኩስ ዝባድ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ሲወጣ ወደ ነጭነት የሚያደላ ቢጫ፣ እንደ ለጋ ቅቤ ልስልስ ነው። ሲቆይና አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። «ሐያቱል ሐየዋን» የሚባለውን ታላቅ የእንስሳት መጽሐፍ የጻፉት ግብጻዊው ከማሉዲን አድ-ደሚሪ (በ808 ሂጅራ፣ 1405 እ.ኤ.አ. የሞቱ) ዝባድን ጥቁርና ሙጫማ እድፍ የሚመስል ነገር አድርገው ገልጸውታል። ተሳስተው አይመስለኝም፤ ካይሮ የሚደርሰው ዝባድ ረጅም መንገድ የተጓዘና የቆየ ነው። እርሳቸው የመንገዱን መጨረሻ አዩ፤ ስሙን ያወጣው ሰው ግን የመንገዱን መጀመሪያ ሳያይ አልቀረም።

ከዐረብኛ ወደ ላቲንና ወደ ጣልያንኛ ሲሻገር «ዘባድ» «ዚቤቱም» እና «ዚቤቶ» ሆነ። ወደ ፈረንሳይኛ ሲገባ ዛይ ወደ ሲን ለሰለሰ፣ ባእ ወደ «ቭ» ተለወጠ፣ የሴት ስም መድረሻም ተቀጠለለት። እንግሊዞች የፈረንሳይኛውን መልክ የወሰዱት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ «ሲቪት» ሁለት ነገር ነው፤ ሽቶውም እንስሳውም።

ቃሉ የሄደው ወደ ሰሜን ብቻ አይደለም። በሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ስዋሂሊ «ዘባዲ» ይላል። እጅግ ርቆ ማላይኛ «ጀባት» ይለዋል፤ የማላይ ጥንታዊ ትረካዎች ከሚያነሷቸው ጀግኖች አንዱ ሀንግ ጀባት ይባላል። ፖርቱጋሎችና እስፓኞች ደግሞ በሌላ የዐረብኛ ቃል እንስሳውን «የአልጋሊያ ድመት» ብለው ጠሩት። ይህ «አልጋሊያ» ከሚስክ፣ ከዐንበርና ከመሰሉት ተቀምሞ የሚሠራው ውድ ሽቶ፣ በዐረብኛ «አል-ጋሊያ» የሚባለው ነው። አንባቢ ልብ ይበል፦ የፖርቱጋሉም ስም፣ የፈረንሳዩም፣ የእንግሊዙም የዕቃ ስም ነው። እንስሳው በእነዚህ ቋንቋዎች የራሱ የሆነ ስም የለውም፤ በሚሸጥለት ነገር ስም ይጠራል። ቆዳ የሚሸጥ አገር ፍየልን «ቆዳ» ብሎ እንደ መጥራት ነው።

ይህን ስሕተት ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉም አጥርቶ ያረመ ሰው መጅዱዲን አል-ፊሩዛባዲ ነው። የ«አል-ቃሙስ አል-ሙሒጥ» ባለቤት ፊሩዛባዲ የተወለደው በፋርስ ቢሆንም፣ የመጨረሻዎቹን ሃያ ያህል ዓመታት በየመን በረሱሊዮች ቤተ መንግሥት የቃዲዎች አለቃ ሆኖ ኖሮ በ817 ሂጅራ (1415 እ.ኤ.አ.) በዘቢድ ሞተ። በመዝገበ ቃላቱ «ዘባድ» ሲል በአጭሩ አያልፍም፤ ሙግት ይገጥማል። ፉቀሃዎችና የቋንቋ ሊቃውንት ዝባድን ሽቶ የሚወጣው እንስሳ አድርገው መናገራቸው ግድፈት ነው ይላል፤ እንስሳው ድመት መሰሉ ነው፣ ዝባድ ግን ሽቶው ነው። ከዚያም ሽቶው እንዴት እንደሚገኝ ይነግረናል። ከእንስሳው ጅራት ሥር የሚጠራቀም ወዝ ነው፤ እንስሳው ይያዛል፣ እንዳይንፈራገጥ ይደረጋል፣ የተጠራቀመው እድፍ በሸንበቆ ስንጣሪ ወይም በጨርቅ ይጠረጋል። ይህ በወሬ የሰማ ሰው አነጋገር አይመስልም። ዘቢድ ከቀይ ባሕር ዳር ትንሽ ገባ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በባሕሩ ማዶ ያለው የእኛ ጠረፍ ነው። ፊሩዛባዲ ይህን ከሐበሻ ነጋዴዎች ሰምቶት ይሆናል የሚለው የራሴ ግምት ነው፤ ጊዜውና ቦታው ግን ለግምቱ ይመቻሉ። የይፋቱ ሱልጣን ሰዕዱዲን በዘይላዕ ከተገደለ በኋላ ልጆቹ ተሰደው የተጠጉት፣ መቅሪዚ እንደ ጻፈው፣ ወደ የመኑ ረሱሊይ ንጉሥ ወደ አን-ናሲር አሕመድ ነው። ፊሩዛባዲም በስተርጅናው ያገለገለው ይህንኑ ንጉሥ ነው። የሰዕዱዲን ሞት የትኛው ዓመት ላይ እንደሚውል የታሪክ ጸሐፊዎች ይለያያሉ፤ የዘመኑ ትውልድ ግን አንድ ነው።

ፊሩዛባዲ «ፉቀሃዎች ተሳሳቱ» ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። እንስሳውን ሳያዩ ስለ ዕቃው የፈረዱ ታላላቅ ዑለማዎች ነበሩ። ከሻፊዒዮቹ አል-ማወርዲ (በ450 ሂጅራ በባግዳድ የሞቱት) እና አር-ሩያኒ ዝባድን የባሕር ድመት ወተት ነው ብለዋል። ዛሬ ለሚሰማው ያስቃል። ነገር ግን ባግዳድ ሆኖ ለሚያስብ ሰው ምን ያህል ምክንያታዊ እንደሆነ እንመልከት። ዕቃው የሚመጣው በመርከብ ነው፤ የሚሸጡት የባሕር ሰዎች ናቸው፤ መልኩ ነጣ ያለ፣ ቅባት ያለው፣ ወተት የሚመስል ነው። በባሕር የመጣ ሁሉ የባሕር ልጅ መሰላቸው። ስሕተቱ ደግሞ በቃል ብቻ አልቆመም፤ ሑክምንም ነክቷል። ወተት ከሆነ ሥጋው የማይበላ እንስሳ ወተት ጧሂር ነው ወይስ ነጃሳ የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ የባሕር እንስሳ ከሆነ ደግሞ የባሕር እንስሳት ሑክም ይገባበታል።

ኢማም አን-ነወዊ (በ676 ሂጅራ የሞቱት) ይህን በ«መጅሙዕ» ያነሡበት መንገድ፣ ለእኛ ለመምህራን ከመስአላው ይልቅ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል። በመጀመሪያ ማወርዲና ሩያኒ ያሉትን እንደ ተናገሩት ተቀብለው፣ በዚያ መንገድ ቢኬድ እንኳ ዝባድ ጧሂር፣ ሽያጩም ትክክል መሆኑን ያሳያሉ። ቀጥለው ግን ነገሩን ከሚያውቁ ታማኝ ሰዎች እንደ ሰሙት ዝባድ የሚገኘው ከየብስ ድመት መሆኑን፣ በዚህም ላይ ጧሂርነቱ የማያከራክር መሆኑን ይገልጻሉ። ከእነዚያው ሰዎች ሌላም ነገር ሰምተዋል፦ አብዛኛውን ጊዜ ከእንስሳው የሚረግፍ ፀጉር ይቀላቀልበታል። ሥጋው የማይበላ እንስሳ በሕይወት እያለ የተለየው ፀጉር በትክክለኛው የመዝሀቡ አቋም ነጃሳ ስለሆነ፣ ፀጉር ካለበት ዝባድ መጠንቀቅ ይገባል ይላሉ። በ«ፈትሑል ሙዒን» ላይ የተገኙት ሦስቱ ፀጉሮች ጉዟቸውን የጀመሩት እዚህ ነው። ነወዊ ኪታብ በኪታብ ላይ ከመደራረብ ይልቅ ዕቃውን የሚያውቀውን ሰው ጠየቁ፤ ያ ሰው ነጋዴ ይሁን ሌላ ስሙን አልነገሩንም።

ሐነፊዮች በሌላ በር ገብተው ወደዚሁ ፍርድ ደርሰዋል። አል-ሐስከፊ በ«ዱር አል-ሙኽታር» ሚስክ ጧሂር መሆኑን ከተናገሩ በኋላ ዝባድን ከእርሱ ጋር ይቆጥሩታል፤ ምክንያቱም ወደ ሽቶነት ተለውጧል። ለኢስቲሓላ፣ ማለት አንድ ነገር ባሕርይውን ለውጦ ሌላ ነገር ለመሆኑ፣ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ነው። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ጎን ለጎን ስለሚቀሩ፣ ሁለቱን አነጋገሮች ማነጻጸር ለደረሳ ጥሩ ልምምድ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ዑመሪ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሰባቱ የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ በመጀመሪያ የሚያነሣው ይፋትን (በእርሱ አጠራር አውፋትን) ነው፤ የሕዝቡ አብዛኛው ሻፊዒይ መሆኑንም ይነግረናል። የዚያ ዘመን ከተሞች ፍርስራሽ፣ ኖራ፣ አስበሪ፣ ማሳል፣ ዛሬም ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ባለው የተራራ ግርጌ ይታያል። የተሠሩበት ቦታ ትርጉም አለው። ከደጋው የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ አህያና በቅሎውን የሚያቆምበት፣ ከአፋር ሜዳ የሚመጣው ደግሞ ግመሉን የሚያንበረክክበት ድንበር ነው። የዚህ መንገድ የባሕር በር ዘይላዕ ነበረች። ኢብኑ በጡጣ በ1330 እ.ኤ.አ. ገደማ ዘይላዕን ሲያይ የጻፈው ስለ ሽታዋ ነው፤ ከዓሣው ብዛትና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ደም የተነሣ በዓለም ላይ ከከፉት ከተሞች አንዷ አድርጓት፣ ሌሊቱን በመርከብ ማደርን መረጠ። የሽቶ መውጫ የሆነው ጠረፍ በመጽሐፍ የታወሰው በግማቱ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ዝባዱ ራሱ የይፋት ምርት አይደለም። የጥሪኝ አርቢዎች አገር ከጊቤ ወንዝ ማዶ፣ እናርያና ጅማ ያሉበት ደን ነው። ዕቃው ከዚያ በሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች ትከሻ ወደ ሰሜን በጎጃምና በጎንደር አድርጎ ወደ ምጽዋ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በሸዋ አድርጎ ወደ ሐረር፣ ወደ ዘይላዕና ወደ ታጁራ ይወጣል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) የሸዋ በር የነበረው በአንኮበር ግርጌ ያለው አልዩ አምባ ነው፤ አርጎባው፣ ሐረሪው፣ አፋሩና ከደጋ የወረደው ነጋዴ በዓርብ ገበያ የሚገናኙበት። በዚያው ዘመን የጊቤ ነገሥታት፣ የሊሙ እናርያው አባ ባጊቦና የጅማው አባ ጅፋር ቀዳማዊ፣ እስልምናን ይዘው ይገዙ ነበር። እስልምና በዚያ አገር የገባው በአብዛኛው በእነዚሁ ነጋዴዎችና አብረዋቸው በተጓዙ ሸይኾች ነው። ቀንድ ሙሉ ዝባድ ይዞ የተመለሰው ሰው፣ ሲሄድ ኪታብ ይዞ የሄደው ነበር። ያንኑ መንገድ ባሪያም ተነድቶበታል፤ ይህን ሳይናገር የንግዱን ጌጥ ብቻ የሚጽፍ ሰው ታሪክ አልጻፈም።

የአርቢዎቹን ሥራ በዓይኑ አይቶ ካስቀመጡልን የውጭ ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ነው። በ1699 እና በ1700 እ.ኤ.አ. አጤ ኢያሱን ለማከም መጥቶ ሳለ፣ ከጣና በስተምሥራቅ ያለችውን እንፍራዝን ጎበኘ። ሙስሊሞቹ በተለየ ሰፈር ይኖራሉ፤ የዝባድና የባሪያ ንግድ የሚካሄደው እዚያ ነው ይላል። እስከ ሦስት መቶ ጥሪኝ የሚያረባ ነጋዴ አለ። በሳምንት ሦስት ቀን ጥሬ የበሬ ሥጋ፣ በቀሩት ቀኖች የወተት ገንፎ የመሰለ ነገር ይመግቧቸዋል፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም በጥሩ ሽታ ያጥኗቸዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ወዙን ቀስ ብለው ፍቀው በበሬ ቀንድ ያኖሩና አጥብቀው ይከድኑታል። ይህ ሁሉ ዛሬም አርቢዎች ከሚነግሩን ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ፖንሴ ግን አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል። ዕቃው «ሲቬት» የተባለው በእንስሳው ስም ነው ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እንስሳው ነው በዕቃው ስም የተጠራው። ከእንፍራዝ አርቢዎች አንዱን ስሙን ቢጠይቀው ኖሮ፣ ለአውሬው አንድ፣ ለሽቶው ሌላ ቃል እንዳለ ይሰማ ነበር።

አማርኛችን፣ ፊሩዛባዲ ፉቀሃዎችን የጠየቀውን ልዩነት ሳይጠየቅ ጠብቆ ይዟል። ለሽቶው የነጋዴውን የዐረብኛ ቃል ተቀበለ፤ ለአውሬው ግን ጥሪኝ አለው። ይህ የሆነው የእኛ ሰው ከሌላው ይልቅ ብልህ ስለሆነ አይደለም። ጥሪኝ እዚህ አለ፤ ሌሊት በጓሮ ያልፋል፣ ዶሮ ይነጥቃል፣ ፍሬ ይለቅማል። በዓይን የሚታይ ፍጥረት የራሱ ስም ይወጣለታል። በቀንድ ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ግን የቀንዱ ስም ይተርፈዋል። ስዋሂሊም «ዘባዲ»ን ለሽቶው ይዞ ለአውሬው «ፉንጎ» የሚል የራሱ ስም ያለው በዚሁ ምክንያት ነው።

አውሮፓውያን ከጊዜ በኋላ እንስሳውን ራሱን ማስመጣት ጀመሩ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአምስተርዳም ነጋዴዎች ጥሪኝ በሳጥን አርብተው፣ ያልተደባለቀ ለመሆኑ ማረጋገጫ እየሰጡ ዝባድ ይሸጡ ነበር። በለንደን የሽቶ ሱቆች የጥሪኝን ሥዕል በበራቸው ላይ ምልክት አድርገው ይሰቅሉ ነበር። «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን የጻፈው ዳንኤል ድፎ፣ በድርሰት ከመታወቁ በፊት በ1692 ሰባ ያህል ጥሪኞች በብድር ገዝቶ ለማርባት ሞክሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከሰረ። ሼክስፒር ቀደም ብሎ በአንድ ተውኔቱ የቤተ መንግሥት ሰዎች የሚኮሩበት ሽቶ ከድመት የሚወጣ ቆሻሻ መሆኑን በአንድ ቀልደኛ አፍ አናግሯል። ማወርዲና ነወዊ በቁም ነገር የመረመሩት ጥያቄ እዚያ የቀልድ መነሻ ሆነ።

ከዚያ ሳይንስ መጣ። ስዊድናዊው ሊኔ በ1758 የእስያውን ዘር በላቲን «ቪቬራ ዚቤታ» አለው፤ ጀርመናዊው ሽሬበር ደግሞ ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ የአፍሪካውን፣ ማለት የእኛን፣ «ቪቬራ ሲቬታ» አለው። ዚቤታም ሲቬታም አንዱ የዐረብኛ «ዘባድ» ነው፤ አንዱ በጣልያን በር፣ ሌላው በፈረንሳይ በር የገባ። አንድ ቃል ለሁለት አውሬዎች ተከፍሎ ተሰጠ። በ1915 የእኛው ጥሪኝ የራሱ ወገን ይገባዋል ተብሎ ሲለይ «ሲቬቲክቲስ ሲቬታ» ተባለ፤ «ዘባድ» በአንድ ስም ውስጥ ሁለት ጊዜ ተደገመ። ድመት ግን አይደለም። ከድመት ወገን የተለየ ቤተሰብ ነው፤ የእኛዎቹ የዐረብኛ ጸሐፊዎች «ሲንነውር»፣ እንግሊዞች «የሲቪት ድመት» ያሉት ከመምሰሉ የተነሣ ነው። ኬሚስቶችም በተራቸው የሽታውን ዋና ንጥረ ነገር ለይተው «ሲቬቶን» አሉት። አሠራሩን በ1926 የፈታው ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1939 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ነው።

ሲቬቶን በቤተ ሙከራ መሠራት ሲቻል፣ ትልልቆቹ ሽቶ ሠሪዎች ቀስ በቀስ ከአገራችን ዝባድ ወደ እርሱ ዞሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች የአረባቡን ሁኔታ ለዓለም ካሳዩ በኋላ ገበያው ይበልጥ ጠበበ። ያሳዩት ነገር ሐሰት አልነበረም። ሌሊት ለብቻው ብዙ መንገድ የሚሄድ፣ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን አውሬ፣ እንደ ልብ መዞር በማይችልበት የእንጨት ቀፎ ውስጥ፣ ጢስ በሞላበት ጎጆ ዕድሜውን ይጨርሳል። ወዙ በየዘጠኝና በየአሥራ ሁለት ቀኑ ይፋቃል። አርቢዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ሥራውም ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ብዙዎቹ ድኾች ናቸውና፣ ከሩቅ ሆኖ እነርሱን ጨካኝ ማለት ቀላል ነው። ከቀንዱ ትርፍ ለእነርሱ የሚደርሰው ጥቂት ሆኖ ሳለ ወቀሳው በሙሉ በእነርሱ ላይ መጫኑን አልቀበልም።

ነገር ግን እኛ ዝባድን የምናስተምር ሰዎች አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል። በጦሃራ ምዕራፍ ስለ ዝባድ በጥልቀት ተነጋግረናል፤ ጧሂር ነው፣ ሽያጩ ትክክል ነው፣ ፀጉሩ ይህን ያህል ይቅር ይባላል። ስለ እንስሳው ግን በዚያ ምዕራፍ ምንም የለም። ያለው በሌላ ምዕራፍ ነው። በነፈቃ ምዕራፍ ፉቀሃዎች በእጁ እንስሳ የያዘ ሰው የመመገብና የማጠጣት ግዴታ እንዳለበት፣ እምቢ ካለም እንዲመግብ፣ እንዲሸጥ ወይም እንዲለቅ እንደሚገደድ ደንግገዋል። ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም (በ660 ሂጅራ የሞቱት) በ«ቀዋዒዱል አሕካም» የእንስሳትን ሐቅ በሰው ላይ በዝርዝር ቆጥረዋል፦ ቢያረጅ፣ ቢታመምና ጥቅም ባይሰጥ እንኳ ይመገባል፤ ከአቅሙ በላይ አይጫንበትም፤ ከሚጎዳው ነገር ጋር አይታጎርም። ድመት አስራ ሳትመግብ፣ ከምድር ተንቀሳቃሾች እንድትበላም ሳትለቃት ስለ ገደለችው ሴት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ የማያውቅ ደረሳ የለም። ሁለቱን ምዕራፎች አንድ ላይ የሚያስቀራ ግን ጥቂት ነው። ዕቃው በአንድ ኪታብ፣ እንስሳው በሌላ ኪታብ ቀርተዋል። ዕቃውን ከእንስሳው የለየው የንግድ ርቀት፣ ሳናውቀው በትምህርታችን አከፋፈል ውስጥም ገብቷል።

ወደ ሦስቱ ፀጉሮች ልመለስ። ፊሩዛባዲ እንስሳው ይያዛል፣ እንዳይንፈራገጥም ይደረጋል ብሏል። ፀጉሩ በዝባዱ ውስጥ የሚገኘው በዚህች ሰዓት ስለሚነቀል ነው። ባግዳድ የተቀመጠ ሰው ስለ ባሕር ወተት ሲጽፍ፣ ካይሮ ያለው ስለ ጥቁር እድፍ ሲጽፍ፣ ለንደን ያለው ስሙን ሳያውቅ በበሩ ላይ ሲስለው፣ አውሬው ራሱ በየቀንዱ የላከው አንድ ምልክት ቢኖር እርሱ ነበር።

ባለፈው ዓመት ያችኑ ቦታ ለወጣት ደረሶች ሳስቀራ፣ አስቀድሜ በሰሌዳው ላይ «ዝባድ» እና «ጥሪኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሑክሙን ከጨረስን በኋላ አንዱ እጁን አነሣ፤ ዝባዱ ጧሂር መሆኑ ገብቶታል፣ ጥሪኙን በቀፎ መያዝስ ይፈቀዳል ወይ አለ። መልሱን እኔ ከምሰጠው ብዬ የነፈቃን ምዕራፍ እንዲያወጡ ነገርኳቸው፤ እስከ ዐስር ሶላት ስንከራከር ዋልን።